እናቷ እስክትመለስ ብቻ

ባለፈው ወር ናይሮቢ ውስጥ አንድ ስብሰባ ላይ ተጋብዤ ነበር። ሙያዬ ኬሚስትሪ ነው፤ የተጠራሁት ግን ስለ ኬሚስትሪ ለመናገር ሳይሆን እንቅፋቱን ያለፈች ሴት ምሳሌ እንድሆን ነበር። ግድግዳው ላይ ሴት ልጆችን ከትምህርት የሚያስቀሩ ምክንያቶች በተራ ቁጥር ተዘርዝረው ይታያሉ፤ የመጀመሪያው «ባህል» ይላል። ጠረጴዛዬ ላይ ለጌጥ የተቀመጠ ጮጮ፣ ተሸምኖ የተሠራ የቦረናዎች የወተት ዕቃ፣ ነበር። ተናጋሪው ተራ ቁጥር አንድን ሲያብራራ እጄን ዘርግቼ ክዳኑን ከፈትኩ።

ባዶ ነበር። ሽታው ግን አልለቀቀውም፦ የወይራ ጭስ፣ የረጋ የግመል ወተት፣ ከሥራቸው ደግሞ የቆዳ ጠረን። አንዲት ሴት ይህን ዕቃ ለዓመታት አጥናዋለች፤ ከዚያም ለአንድ ነጋዴ አሳልፋ ሰጥታዋለች። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ። ተራዬ ሲደርስ የጻፍኩትን አነበብኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ጮጮ ማጠን ስላስተማሩኝ ስለ አኮ ሎኮ አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ እርሳቸውን በየትኛው ተራ ቁጥር ሥር እንደማስገባቸው አላውቅምና።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ በሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ከኬላው ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበረው። ሰው ሁሉ «የጌታነህ ሆቴል» ይለዋል፤ አንድም አልጋ ግን አልነበረውም። አስፋልቱ ገና አልደረሰም። ከናይሮቢ የሚመጡት ሎሪዎች በፖሊስ ታጅበው፣ በኮንቮይ፣ አቧራ ለብሰው ይገባሉ፤ ሾፌሮቹም ከጋቢና ወርደው ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ የአባቴን ሻይ ይጠይቃሉ። ያንን ሻይ ሻይ ያደረገው ወተቱ ነበር፤ ወተቱ ደግሞ የአኮ ሎኮ ነበር።

«አኮ» በቦረና አፍ አያት ማለት ነው። አኮ ሎኮ በየማለዳው ከመንደራቸው ከዳበል በወተት ፒክአፕ ይመጣሉ፤ ከኋላቸው እኩያዬ የሆነችው የልጃቸው ልጅ፣ ዳርሚ፣ ጮጮዎቹን አዝላ ትከተላለች። አኮ በጣም ረጅም ነበሩ። ጎንበስ ሳይሉ በበራችን መግባት ስለማይችሉ፣ እኔ ለብዙ ጊዜ ለቤታችን የሚሰግዱ ይመስለኝ ነበር። ለእኔ የሚናገሩት በቋንቋቸው ነበር፤ የሞያሌ ልጅ ስለሆንኩ እሰማለሁ። ለአባቴ የሚናገሩት በገበያ አማርኛ ነበር፤ ጥቂት ቃላት ብቻ ያሉት፣ ነገር ግን አንዱም የማይባክንበት አማርኛ።

በዚያ ዓመት ሰባተኛ ክፍል ገባሁ። የመጀመሪያው ተርም ሳይጋመስ፣ ማዶ ያቤሎ የምትኖረው አያቴ ታመመችና እናቴ ልታስታምማት ተሻገረች። ወንድሜ ማርሳቢት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር፤ እርሱን የማስቀረት ሐሳብ በማንም አእምሮ ስላልመጣ እንደ ውሳኔ እንኳ አልተቆጠረም። አባቴ ወተቱን እያማሰለ ነገሩን ለአኮ ነገራቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ ወተቱን የምትቀበልዎት የሺ ናት።»

አኮ መቅዳታቸውን አቆሙ። «ትምህርት ቤትስ?»

«እናቷ እስክትመለስ ብቻ ነው።»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው፣ አኮ።»

አባቴ ይህን ያለው ዓይኑን ከድስቱ ሳያነሣ ነው። አኮ ግን ጮጮውን መሬት አስቀምጠው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ የበራችንን መቃን በመዳፋቸው ነክተው ነው የሰሙት። ደክሟቸው የተደገፉ መሰለኝ። ቤቱን ምስክር እያደረጉት እንደ ነበር የገባኝ ከወራት በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥፋት አጠፋሁ። ሥራዬ ወተቱን ወደ ድስቱ መገልበጥ፣ ባዶዎቹን ጮጮዎች አለቅልቆ መመለስ ነበር። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ጀርም ተምሬ ነበር፤ የተማርኩትን በሥራ ላይ የማውልበት ዕድል ይህ ነው ብዬ፣ ትልቁን ጥቁር ጮጮ በፈላ ውሃና በዱቄት ሳሙና ፈትጌ፣ ጥቁረቱን ሁሉ አስለቅቄ፣ ፀሐይ ላይ ደፋሁት። በራሴ እጅግ ረካሁ።

በማግስቱ አኮ ክዳኑን ከፍተው አፍንጫቸውን አስገቡ። ቆዩ። ከዚያ ለዳርሚ ሰጧት። ዳርሚም አሸተተችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ገደለችው!»

«ቆሽሾ ነበር እኮ» አልኩ።

«ቆሽሾ!» ዳርሚ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ፣ አጥበሽ የደፋሽው የአኮን እናት ነው። ታውቂያለሽ?»

የሰማሁትን እንደ ወረደ ተቀበልኩት። አንዲት የሞተች ሴት በጮጮው ውስጥ ትኖር እንደ ነበር፣ እኔም ከሳሙናው አረፋ ጋር ቦይ ውስጥ እንዳፈሰስኳት አመንኩ። እውነቱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጮጮውን በእጃቸው የሸመኑት የአኮ እናት ነበሩ፤ የመጀመሪያውን ጭስ ያስገቡትም እርሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ የገባው ጭስ ሁሉ በዚያ ላይ ነበር የተነባበረው። በሳሙና የሚጠፋ ነገር መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር፤ በሳሙና የሞከረ ሰው አልነበረማ።

ዱላ ጠበቅኩ። አኮ ግን ጮጮውን እጄ ላይ አስቀመጡት።

«የገደለ ያስነሣል» አሉ።

በዚህ ዓይነት ጮጮ አጣኝ ሆንኩ። ሲያዩት ቀላል ነው። የወይራ ፍም ወደ ባዶው ጮጮ ይጣላል፤ ክዳኑ ይገጠማል፤ ይናጣል፤ ጭሱ በክዳኑ ዙሪያ ብቅ ሲል ፍሙ ይደፋል፤ ውስጡ ይጠረጋል፤ እንደገና ይጀመራል። ጭሱ ካነሰ ወተቱ ከቀትር በፊት ይኮመጥጣል፤ ከበዛ ይመራል። በማነሱና በመብዛቱ መካከል ያለውን ጠባብ ስፍራ የሚያሳይ ምልክት የለም። ዳርሚ እጇን በእጄ ላይ ጭና ታሳየኝ ነበር።

«አትቁጠሪ፤ አሽቺ።»

«እየቆጠርኩ አይደለም።»

«ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል እኮ፣ ዋሾ።»

አኮ ሲያሸቱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ይህቺ ጨው ልሳለች» ይላሉ። «ይህቺ ዝናብ ካገኘው መሬት በልታለች። ይህቺ ግልገሏ ሞቶባታል።» አንድ ቀን አንዲት ሴት ያመጣችውን ወተት አሽትተው፣ ውሃ እንደ ተጨመረበት ብቻ ሳይሆን ውሃው ከየትኛው ጉድጓድ እንደ ተቀዳ ተናገሩ። ሴትየዋ አልተከራከረችም። ሻሿን አስተካክላ፣ ጮጮዋን አንሥታ ሄደች። ዛሬ የምሠራባቸው መሣሪያዎች አንድ ክፍል ይሞላሉ፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማሉ፤ ከመካከላቸው አንዱም ግመል ማዘኗን ነግሮኝ አያውቅም። በዚያ ጊዜ የአኮ አፍንጫ እግዚአብሔር ዓለምን የሚያውቅበት መንገድ ይመስለኝ ነበር። ይህን ሐሳብ ለማስተካከል በቂ ምክንያት እስካሁን አላገኘሁም።

የማለዳው ሥራ ሲያልቅ፣ ፒክአፑ ወደ ዳበል እስኪመለስ፣ ዳርሚና እኔ ጓሮ ባዶ ጄሪካኖች ላይ እንቀመጥ ነበር። እሷ በዳበል ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ደርሳ ነበር፤ ከብቶቹ ሲርቁ ትቀራለች፣ ሲቀርቡ ትመለሳለች። የእኔን የሰባተኛ ክፍል መጻሕፍት ግን እንደ ወተት ነበር የምትመረምረው፤ ገልጣ መጀመሪያ ታሸታቸዋለች። ከሁሉም ካርታውን ትወድ ነበር።

«ዳበል የት ነው?»

ፈለግን። ሞያሌ አለ። ዳበል የለም፤ ከእሱ ራቅ ያለው መንደር ዋልዳም የለም።

«ይህን የሳለው ሰውዬ ወተት አይጠጣም» አለችና እስክሪብቶዬን ነጥቃ፣ ከሞያሌ በታች አንድ ሰማያዊ ነጥብ አደረገች። «ይኸው። አሁን አለሁ።»

መጽሐፉ የትምህርት ቤቱ ነበር፤ ነጥቡን ለማጥፋት ምራቄን እንትፍ ብዬ አሸሁት። ተስፋፋ እንጂ አልጠፋም። ዳርሚ «ዳበል አደገች!» ብላ እስክትንፈራፈር ሳቀች።

አንድ ማለዳ አኮ ወደ ስም ማውጣት ሥርዓት የሚሄዱ ሆነው መጡ። በእጃቸው ቀጥ ያለ፣ ከእኔ የሚረዝም፣ በቅቤ ብዛት የጠቆረ ቀጭን በትር ይዘዋል። ሲንቄ የሚባለው የሴቶች በትር ነበር። አባቴ ዘንድ ሻይ ይጠጡ የነበሩት የቦረና ሽማግሌዎች ሲኒያቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉ። ወንዶች ለሴት ሲነሡ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዚያ ቀን ነው። በትሩን እንድነካው ለመንኳቸው፤ ነካሁት፤ ለስላሳና ሞቃት ነበር፤ በውስጡ አንዳች ነገር የሚተነፍስ መሰለኝ።

«ለእኔስ መቼ ይሰጠኛል?»

አኮ ሳቁ። «ከእናትሽ ቤት የወጣሽ ቀን።»

እኔ ከእናት ቤት መውጣትን የማውቀው በወንድሜ ነው፤ እርሱ የወጣው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ስለዚህ በትሩ ለጎበዝ ተማሪ የሚሰጥ ሽልማት መሆኑን ደመደምኩ።

«ለእኔ ዝናቡ ሲያባራ ነው» አለች ዳርሚ ደረቷን ነፍታ። «አባቴ ዱሮ ነው ቃል የገባው። እንጨቱም ተቆርጧል።»

ቀናሁባት። ከዚያ በፊት በትምህርት በልጣኝ አታውቅም ነበር።

እናቴ በፋሲካ ሰሞን ተመለሰች፤ ከስታለች፣ ታስላለችም። አባቴ «ትንሽ ትረፍ» አለ። ባረፈች ጊዜ «ሥራው በዝቷል» አለ። ሁለተኛው ተርም ሲከፈት «ለጊዜው ነው» አለ። አባቴ አንድም ቀን አትማሪም አላለኝም፤ ይህን ለእርሱ ፍትሕ ስል እመዘግባለሁ። እንዲያውም በደንበኞቹ ፊት ያወድሰኝ ነበር፦ «የሺ ብልህ ናት፤ መቼ ብትጀምርም ትደርስበታለች።» ለመዘግየቴ የቀረበው ምክንያት ብልህነቴ ነበር። የክፍል አስተማሪዬ ሻይ ልትጠጣ መጥታ፣ እስከ ተርሙ አጋማሽ ካልተመለስኩ ስሜ ከመዝገብ እንደሚሰረዝ ነገረችው። «ይገባኛል፣ ማዳም» አለና ስኳር ጨመረላት። የተርሙ አጋማሽ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ዳርሚ መምጣት ካቆመች ወር አልፏታል። አኮ ብቻቸውን ነበሩ።

«በትሯን ተቀበለች» አሉኝ።

«የትኛው ትምህርት ቤት ገባች?»

ያጠንኩትን ትልቁን ጮጮ ከፍተው ለረጅም ጊዜ አሸተቱ፤ ከዚያ «ተነሥቷል» አሉ። ዛሬ በስሜ ፊት ከሚጻፈው ማዕረግ ይልቅ የምኮራበት ይህ አንድ ቃል ነው።

«አንቺስ፣ መቼ ነው የምትሄጂው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ለጊዜው ነው እንጂ እሄዳለሁ።»

«አባትሽ ቃል ሲሰጠኝ አንዲት ግመሌ ያረገዘች ነበረች። ወለደች። ግልገሏ ይሮጣል። ይህ ‹ለጊዜው› የምትሉት መቼ ነው የሚወልደው?»

በማግስቱ አኮ ከሦስት ሴቶች ጋር መጡ። አራቱም ሲንቄ ይዘዋል። የወተት ዕቃዎቻቸውን እንደ ተከደኑ መንገድ ዳር ደርድረው፣ በራችን ፊት ቆሙ።

«አኮ፣ ምን ሆኑ? ይግቡ እንጂ» አለ አባቴ። «ወተቱስ?»

«ወተት አለ። ቃል የለም።»

«የምን ቃል?»

«እናቷ እስክትመለስ አልክ። እናቷ ያቻት።»

እናቴ በጓሮው በር ላይ ቆማ ነበር። አባቴ ዞር ብሎ አያትና ሳቀ። «አኮ፣ የእኔ ልጅ አይደለችም እንዴ?»

«ስትወለድ ያንተ። የእናቴን ጮጮ ስታጥን የኔም።»

«ይሄ የእናንተ ባህል ነው። እኛ ክርስቲያኖች ነን።»

«ወተቱም የኛ ነው» አሉ አኮ።

ከዚህ በኋላ ዝም አሉ። አልጮሁም፣ አልረገሙም፣ በሩንም አልዘጉ፤ በመካከላቸው ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር። ሆኖም የዘወትር ደንበኛችን ሽማግሌው ጃርሶ መጥተው፣ በትሮቹን አይተው፣ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ቀሩ።

«ጃርሶ፣ ይግቡ እንጂ!» አለ አባቴ።

«ጌታነህ፣ እናቴ ሲንቄ አላት። ሚስቴም አላት። በዚህ መሐል አልፌ ሻይ ጠጥቼ፣ ከዚያ የት ነው የማድረው?»

በሁለተኛው ማለዳ ሴቶቹ ከአሥር በለጡ። አባቴ ገበያ ወርዶ ሌላ ወተት ሊገዛ ሞከረ፤ የወተት ሻጮቹ ሴቶች ሲያዩት ጮጮዎቻቸውን ከደኑ። የዱቄት ወተት ገዝቶ ተመለሰ። ከሜሩ ከተማ የመጣ፣ የሲንቄን ነገር የማያውቅ አንድ ሾፌር በሴቶቹ መካከል አልፎ ገባ፤ አንድ ጊዜ ተጎነጨና ሲኒውን አስቀመጠ። «ሙዜ፣ ይሄ የሕፃን ነው። ከዚህስ ቻይ ያ ራንጊ ይሻለኛል» አለ፤ «ሙዜ» አባባ እንደ ማለት ነው፣ «ቻይ ያ ራንጊ» ደግሞ ወተት የሌለበት ሻይ። አባቴ ጥቁሩን ሻይ ሰጠው። ሾፌሩ ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ ሴቶቹን ሲያይ ቆየና መልሶ ከተተው፤ ፎቶ የሚነሣ ነገር እንዳልሆነ የገባው ይመስለኛል።

ሦስተኛው ማለዳ የኮንቮይ ቀን ነበር፤ የሳምንቱ ትልቁ ገበያችን። በመስኮት ስመለከት መንገዱ ጠፍቷል። ሴቶች ብቻ ናቸው። አኮ ልከውባቸው ከዳበል፣ ከዋልዳ በኩል ጭምር፣ በወተት መኪና ተጭነው የመጡ ናቸው። ከመቃናችን ጀምሮ እስከ ዋናው መንገድ በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ በትሮቹ ከራሳቸው በላይ ሌላ ቀጭን ጫካ ሠርተዋል። ጫኝና አውራጆች፣ ደላሎች፣ የሎሪ ረዳቶች ሁሉ ማዶ ቆመዋል። ሾፌሮቹም ወርደው ከእነርሱ ጋር ቆሙ። ያ ሁሉ ሰው እያለ የሚሰማው የበትሮቹ ጫፍ መሬቱን ሲነካ ብቻ ነበር። ስለ ሲንቄ የተጻፈውን በኋላ ላይ ፈልጌ አንብቤአለሁ፤ ለአንዲት የባዕድ ልጅ ትምህርት ተነሣ የሚል አላገኘሁም። እኔ ግን ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ ብዙ ባለ ሥልጣኖች አጋጥመውኛል፤ እንዲያ ዝም ማለት የሚችል አንድም አልነበረም።

አባቴ ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዘ በባዶው ቤት መሐል ቆሞ ነበር። ቀስ ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

«በቃ፣ አኮ። ነገ ትሄዳለች።»

«ዛሬ» አሉ አኮ።

«ልብሷም የለ...»

እናቴ ከጓዳ ወጣች። የትምህርት ቤት ቀሚሴን በእጇ ይዛለች፤ ታጥቧል፣ ተተኩሷል። በእነዚያ ወራት ረዝሜ ነበር፤ የቀሚሱ ጠርዝ ግን ተፈትቶ እንደ አዲስ ተሰፍቷል፣ ልክ በእኔ ቁመት። መቼ እንደ ሰፋችው አልጠየቅኳትም። አባቴም አልጠየቃት።

ለበስኩ። ካርታው ያለበትን መጽሐፍ በብብቴ ይዤ ወጣሁ። አኮ በመቃኑ አጠገብ ነበሩ፤ መዳፋቸው በፊት በነካበት ስፍራ ላይ አርፏል። ራሴ ላይ ባርከው እንትፍ አሉና «ሂጂ» አሉኝ።

በሁለቱ ረድፎች መካከል ሄድኩ። በቅቤ የጠቆሩ በትሮች በግራና በቀኝ አለፉኝ። በረድፉ መጨረሻ፣ መንገዱ አፍ ላይ፣ አንድ በትር ነጭ ነበር፤ ገና ቅቤ ያልጠገበ፣ የተላጠው እንጨት እርጥበቱ ያልለቀቀው። የያዘችው ከበትሩ ታንሳለች። ጸጉሯ እንደ ባለትዳር ሴት ተሠርቷል፤ ስለዚህ ወዲያው አላወቅኳትም። ዳርሚ ነበረች።

ያን ጊዜ የተሰማኝን በትክክል መመዝገብ አለብኝ፤ ቅናት ነበር። በትሩን ከእኔ ቀድማ አገኘች። ሲንቄ ለሙሽራ ብቻ እንደሚሰጥ፣ ስለ እኔ መማር በዚያ በር ላይ ለመቆም መብት የሚያገኘው የተዳረ ሰው ብቻ እንደ ሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የአኮ ሕግ የሚነሣው በታጠፈ ቃል ላይ ነው። አባቴ ቃሉን አጠፈ፤ የዳርሚ አባት ሊድራት የገባውን ቃል ጠበቀ። እኔን ያዳነኝ የአባቴ ውሸት ነው።

«የሺ» አለች ዳርሚ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፤ በረድፉ ውስጥ መናገር አይፈቀድምና። ዓይኗ መጽሐፉ ላይ ነበር። «አሁን ዋልዳ ነኝ። እሱንም ነጥብ አድርጊልኝ።»

የረድፉ መጨረሻ ጠባብ ነበር፤ ማዶ የቆሙት ሰዎች ወደ ፊት ገፍተው ነበርና። ዳርሚ በትሯን በሁለት እጇ ከፍ አደረገችልኝ። ከሥሩ አለፍኩ።